የርግብ ጭራ መጋጠሚያ በራውተርና በጂግ ሲሠራ፤ ጥብቅነት ከየት ይገኛል?

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



የቤት ዕቃ ሠሪ ሙያ የሚፈተነው በጠረጴዛው ገጽ ማማር ወይም በቫርኒሹ ማብረቅረቅ አይደለም። የሚፈተነው መሳቢያው ተስቦ ሲወጣ በሚታየው ማዕዘን ነው። ገዢው ብዙ ጊዜ ይህን ማዕዘን አያየውም፤ ቢያየውም አይመረምረውም። መሳቢያው ግን በቀን አሥር ጊዜ ይሳባል፤ አሥር ጊዜ ይገፋል። በእያንዳንዱ ስበት የፊት ሰሌዳው ከጎን ሰሌዳዎቹ ለመላቀቅ ይታገላል። ይህን ትግል ለብዙ ዘመን ችሎ የኖረው መጋጠሚያ የርግብ ጭራ የሚባለው፣ በወርክሾፕ ቋንቋ ዶቭቴል ተብሎ የሚታወቀው ነው።

መጋጠሚያው አዲስ ነገር አይደለም። በጥንታዊት ግብፅ ከመቃብር በወጡ የእንጨት ዕቃዎች ላይ ይገኛል። ጥንካሬው የሚመነጨው ከቅርጹ ነው፤ ጭራው ጫፉ ላይ ሰፊ፣ ሥሩ ላይ ጠባብ ስለሆነ መሳቢያው በሚሳብበት አቅጣጫ ሊወጣ አይችልም። ምስማር በጊዜ ብዛት ይላላል፤ ኮላም ይደርቅና ይሰነጠቃል። የርግብ ጭራ ግን ኮላው ቢደክም እንኳ እንጨቱ እንጨቱን ይዞ ይቆያል። ይህ የሚሆነው ታዲያ መጋጠሚያው ጥብቅ ሲሆን ብቻ ነው። የላላ የርግብ ጭራ ቅርጹን ይዞ ሥራውን የተወ መጋጠሚያ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት አንድ ወርክሾፕ ሃያ አራት መሳቢያ ያለው የቢሮ ዕቃ ተዋውሎ ተቀበለ እንበል። የርክክቡ ቀን ቀርቧል። ራውተሩ ከጂጉ ጋር ተገጠመና አርባ ስምንቱ የፊት ማዕዘኖች በአንድ ቀን ተቆረጡ። ሲገጣጠሙ ግን በየጭራው ጎን የምስማር ጫፍ የሚያስገባ ክፍተት ታየ። ጊዜ የለም፤ እንጨቱም አልቋል። የመጋዝ ዱቄት ከኮላ ጋር ተለውሶ ክፍተቱ ተደፈነ፤ በብርጭቆ ወረቀት ተፈተገ፤ ቫርኒሽ ተቀባ። በርክክቡ ቀን ማንም አላወቀም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን አንዱ ጸሐፊ መሳቢያውን ሲስብ የፊት ሰሌዳው በእጁ ቀረ። በዚያች ሰዓት የሚወቀሰው ያ ወርክሾፕ ብቻ አይደለም፤ «የእኛ አገር አናጢ» የሚለው ቃል አብሮ ይወቀሳል። ከዚህም የባሰው ጉዳት በወርክሾፑ ውስጥ የደረሰው ነው። አጠገብ ቆሞ ያየው ለማጅ ሙያው ክፍተትን መድፈን እንደሆነ ተምሮ ወጥቷል።

የዚህ ንግግር ዓላማ እንዲህ ያለው ክፍተት ከየት እንደሚመጣ ማስረዳትና መድኃኒቱ ከቁርጡ በፊት እንጂ ከቁርጡ በኋላ እንደማይገኝ ማሳየት ነው።

ስለ መሣሪያው

በእጅ የሚሠራ የርግብ ጭራ በመጋዝና በመሮ ይወጣል። የጭራው ዝንባሌ በልማድ ለለስላሳ እንጨት ከ6 አንድ፣ ለጠንካራ እንጨት ከ8 አንድ ነው፤ ይህም በዲግሪ ሲሰላ 9 ተኩልና 7 ገደማ ይሆናል። በራውተር የሚሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ 14 ዲግሪ ዝንባሌ ባለው ቢት ይቆረጣል፤ ይህም ከ4 አንድ ማለት ነው። ዝንባሌው የበዛበት ምክንያት ጭራው አጭር በመሆኑ ነው፤ አጭር ጭራ በቂ መያዣ እንዲኖረው ጎኑ ይበልጥ መዝመም አለበት። ከዚህ የተነሣ የጭራው ጫፍ ማዕዘን ስስ ነው፤ በቀላሉም ይሸረፋል። ይህ ጉዳይ ወደ ኋላ ይነሣል።

በየወርክሾፑ በብዛት የሚታየው ጂግ ለመሳቢያ ፊት የሚያገለግለው፣ ጭራው ከፊት ለፊት የማይታይበት ግማሽ ሽፍን መጋጠሚያ የሚያወጣው ነው። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የመሳቢያው ጎን በጂጉ ፊት ለፊት ቆሞ ይታሰራል፤ የፊት ሰሌዳው ደግሞ ከላይ ተጋድሞ ይታሰራል። የሁለቱም የውስጥ ገጽ ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ ሠራተኛው ዓይን ይሆናል። በላያቸው ጣቶች ያሉት ማበጠሪያ መሰል ሰሌዳ ያርፋል። ከራውተሩ ሥር የተገጠመው መሪ ቀለበት በጣቶቹ መካከል እየገባ ሲወጣ ቢቱ ሁለቱን እንጨቶች በአንድ ጊዜ ይቆርጣል። በቆመው እንጨት ላይ ጭራ፣ በተጋደመው ላይ ጭራውን የሚቀበል ጉድጓድ ይወጣል።

በተለመደው ጂግ ቢቱ ጫፉ ላይ 12.7 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ ከአንዱ ጭራ መካከል እስከ ሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 22.2 ሚሊሜትር ነው። ይህ ርቀት የማይለወጥ ስለሆነ የመሳቢያው ከፍታ እንደ ፈቀዱ አይወሰንም። ማዕዘኑ ከላይም ከታችም በግማሽ ጥርስ እንዲያልቅ ከፍታው የ22.2 ብዜት ሊሆን ይገባል፤ ለምሳሌ 6 ጊዜ ሲሆን 133 ሚሊሜትር ከሢሶ፣ 7 ጊዜ ሲሆን 155 ተኩል ሚሊሜትር ገደማ። ዕቃውን የሚነድፈው ሰው ይህን በንድፉ ላይ ካላሰበበት ቆራጩ በኋላ የሚያድነው ነገር የለም።

ጥብቅነት የሚወሰነው በጥልቀት ነው

በብዙ ወርክሾፕ የሚሰማው አሳብ መጋጠሚያው ሲላላ ጂጉን ማጥበቅ ወይም ሌላ ጂግ መግዛት ነው። ስሕተቱ ከዚህ ላይ ይጀምራል። በዚህ ዓይነቱ ጂግ ጥብቅነትን የሚወስነው ቢቱ ከራውተሩ መሠረት በታች የወጣበት ጥልቀት ነው። ሕጉም አጭር ነው፤ ቢቱ ሲወርድ መጋጠሚያው ይጠብቃል፤ ቢቱ ሲወጣ ይላላል።

ምክንያቱን ያወቀ ሠራተኛ ሕጉን አይረሳም። ቢቱ ከታች ሰፊ፣ ወደ ላይ ጠባብ ነው። ወደ ታች በወረደ መጠን በእንጨቱ ገጽ ልክ የሚገኘው የቢቱ ክፍል ይበልጥ ጠባብ ይሆናል። ስለዚህ በፊት ሰሌዳው ገጽ ላይ ያለው የጉድጓዱ አፍ ይጠብባል። የጭራው ሥር ግን የሚቆረጠው በቢቱ ጫፍ ነውና ስፋቱ አይለወጥም። ያው ሥር በጠበበ አፍ ውስጥ እንዲያርፍ ሲደረግ መጋጠሚያው ይጠብቃል። በጭራው ጫፍ በኩልም እንዲሁ ነው፤ ጫፉ ይሰፋል፤ የጉድጓዱ ወለል ግን በነበረበት ይቆያል።

መጠኑም በስሌት ይታወቃል። በ14 ዲግሪ ቢት የ1 ሚሊሜትር የጥልቀት ለውጥ በግጥሚያው ላይ የግማሽ ሚሊሜትር ለውጥ ያመጣል። የ0.2 ሚሊሜትር ለውጥ 0.1 ሚሊሜትር ያመጣል፤ ይህም የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ነው። እንግዲህ በላላና በጠበቀ መጋጠሚያ መካከል ያለው ልዩነት ዓይን በማያየው የብሎን ዙር ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። ጥልቀቱን በግምት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሠራተኛ ከላላው ወደ ጠበቀው፣ ከጠበቀው ወደ ላላው ሲመላለስ ይውላል።

ከዚህ የሚከተለው ሌላ ቁም ነገር የቢቱ ራሱ ጉዳይ ነው። ኮሌት የሚባለው መጨበጫ አቧራ ከያዘ ወይም በሚገባ ካልጠበቀ ቢቱ በሥራ ላይ እያለ ጥቂት በጥቂት ይንሸራተታል፤ ጥልቀቱም ይለወጣል። በጠዋት የጠበቀው መጋጠሚያ ከቀትር በኋላ ሌላ ሆኖ ሲገኝ ጥፋቱ የእንጨቱ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የተሳለ ቢትም ስፋቱ ስለሚቀንስ በአዲሱ ቢት የተገኘው ልክ በተሳለው አይሠራም፤ ከስለት በኋላ ልኩ እንደገና ሊፈለግ ይገባል። መሪ ቀለበቱም ከቢቱ ጋር አንድ ማእከል ከሌለው ራውተሩ በዞረ ቁጥር ቁርጡ ይዛባል። ለዚህ ቀላሉ መድኃኒት በራውተሩ ላይ ምልክት አድርጎ ምልክቱ ዘወትር ወደ ሠራተኛው እንዲመለከት እያደረጉ መቁረጥ ነው።

ስሕተቱን ከምልክቱ ማወቅ

ሐኪም ከመድኃኒቱ በፊት በሽታውን ይለያል። በዚህ መጋጠሚያ ላይ የሚታዩት ስሕተቶች ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ ምልክትና የራሱ ማስተካከያ አለው። አንዱን በሌላው ማስተካከያ ለማረም መሞከር ነው እንጨት የሚያባክነው።

አንደኛው፣ ጭራው በጉድጓዱ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ወይም ጨርሶ የማይገባ ሲሆን ነው። ይህ የጥልቀት ጉዳይ ነው። ከላላ ቢቱ ይውረድ፤ ከጠበቀ ይውጣ።

ሁለተኛው፣ ግጥሚያው ደህና ሆኖ ሳለ የጎን ሰሌዳው ከፊት ሰሌዳው ጫፍ አልፎ ሲወጣ ወይም ወደ ውስጥ ሲሰምጥ ነው። ይህ ከጥልቀት ጋር ግንኙነት የለውም፤ የማበጠሪያው የወደ ፊትና የወደ ኋላ አቀማመጥ ጉዳይ ነው። ጎኑ አልፎ ከወጣ ጉድጓዱ አጥሯልና ማበጠሪያው ከሠራተኛው ራቅ ብሎ ወደ ሰሌዳው ውስጥ ይገፋል፤ ከሰመጠ ወደ ሠራተኛው ይሳባል። በዚህ ረገድ ሊዘነጋ የማይገባው የጎን ሰሌዳዎች ውፍረት ሁሉ አንድ መሆን እንዳለበት ነው። ከአንዱ ሰሌዳ ወደ ሌላው ውፍረቱ የሚለዋወጥ እንጨት የትኛውም ጂግ አያስተካክለውም።

ሦስተኛው፣ ጭራና ጉድጓድ በሚገባ ተጋጥመው የሁለቱ ሰሌዳዎች ጠርዝ ሳይገጥም ሲቀር ነው፤ አንዱ ከላይ ይተርፋል፤ ሌላው ከታች ይጎድላል። ምክንያቱ በጂጉ ጎን ያሉት ማስደገፊያዎች ናቸው። ሁለቱ እንጨቶች በጂጉ ላይ እርስ በርሳቸው የግማሽ ርቀት፣ ማለትም 11.1 ሚሊሜትር ያህል ተዛንፈው መቆም አለባቸው። ማስደገፊያው ከተንቀሳቀሰ ወይም በእንጨቱና በማስደገፊያው መካከል ፍቅፋቂ ከገባ ልኩ ይጠፋል። መሳቢያ ግራና ቀኝ ማዕዘን አለውና ግራው በጂጉ አንድ ጫፍ፣ ቀኙ በሌላው ጫፍ ይቆረጣል። አንዱ ወገን ልክ ሆኖ ሌላው የማይገጥም ከሆነ የሚመረመረው የዚያኛው ወገን ማስደገፊያ ብቻ ነው።

አራተኛው፣ መጋጠሚያው በአንድ በኩል ጠብቆ በሌላው በኩል ሲላላ ነው። እንዲህ ሲሆን ማበጠሪያው በእንጨቱ ላይ እኩል አላረፈም፤ ወይም የቆመው እንጨት ጫፍ ከተጋደመው ገጽ ጋር አልተስተካከለም፤ ወይም ሰሌዳው ቆልምሟል። በስኳድራ ያልተረጋገጠ ጫፍ ይዞ ወደ ጂግ መሄድ ድካምን ማባከን ነው።

አምስተኛው፣ ጭራው በገጹ ላይ ሲሸረፍ ነው። ከላይ እንደ ተነገረው የ14 ዲግሪ ጭራ ጫፉ ስስ ነው። ስለዚህ ራውተሩ ወደ ጣቶቹ መካከል ከመግባቱ በፊት በቆመው ሰሌዳ ገጽ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ አንድ ስስ ቁርጥ ይወሰዳል። ይህ ቁርጥ የቃጫውን ገጽ አስቀድሞ ይበጥሳል። ከዚያ በኋላ ሙሉው ቁርጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ቁርጥ ራውተሩን ወደ ፊት የመንጠቅ ጠባይ ስላለው በጣም ስስ መሆንና በሁለት እጅ መያዝ አለበት። ቢቱ በሚወጣበት በኩል ቁራጭ እንጨት ማስደገፍም ይጠቅማል።

ከሁሉ በላይ ግን ቢቱ እየዞረ ራውተሩ ወደ ላይ አይነሣም። ቢቱ ከታች ሰፊ ነውና ሲነሣ ጭራውንም ማበጠሪያውንም ቆርጦ ይወጣል፤ ከዚያም የሚወረወረው ብረት ማንን እንደሚመታ አይታወቅም። ራውተሩ ከእንጨቱ ወደ ውጭ ተስቦ፣ ጠፍቶ፣ ዙሩ ከቆመ በኋላ ብቻ ይነሣል። ቢት በሚለወጥበት ጊዜ ሶኬቱ ይነቀላል። የዓይን መከላከያና የአፍ መሸፈኛም ለይምሰል የተባሉ አይደሉም፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መካከል መድቦታል።

የሙከራ ቁርጥ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ሃያ አራት መሳቢያ የሚቆርጥ ሠራተኛ ከመጀመሩ በፊት ከዚያው እንጨት፣ በዚያው ውፍረትና በዚያው ስፋት የተዘጋጁ ቁራጮች ሊኖሩት ይገባል። የሙከራው ቁራጭ ከሌላ እንጨት ከሆነ የሚናገረው ስለዚያ ስለ ሌላው እንጨት ነው።

በእያንዳንዱ ሙከራ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ይሁን። አስቀድሞ ጥልቀቱ ተስተካክሎ ግጥሚያው ይገኛል፤ ቀጥሎ ማበጠሪያው ተስተካክሎ የጫፉ እኩልነት ይገኛል፤ በመጨረሻ ማስደገፊያዎቹ ይስተካከላሉ። ሦስቱን በአንድ ጊዜ የሚነካካ ሰው የትኛው እንዳዳነው፣ የትኛው እንዳበላሸው አያውቅም።

ልኩ የተገኘ መጋጠሚያ በእጅ ግፊት እስከ ግማሹ ይገባል፤ የቀረውን በእንጨት መዶሻ በቀላል ምት ይጨርሳል፤ ሳይለጠፍ በአንድ እጅ ወደ ላይ ቢነሣ አይለያይም። ከዚህ በላይ ማጥበቅ ብልሃት አይደለም። ነጭ ኮላ ውሃ አለው፤ እንጨቱም ሲርስ ያብጣል። በደረቁ በመዶሻ ኃይል ብቻ የገባ ጭራ ኮላ ሲቀባ ወይ አይገባም፤ ወይ የፊት ሰሌዳውን ይሰነጥቃል፤ ወይ ኮላውን ሁሉ ገፍቶ አውጥቶ ደረቅ እንጨት በደረቅ እንጨት ላይ ይተዋል። የላላ መጋጠሚያ ጥፋት እንደሆነ ሁሉ ከልክ ያለፈ ጥብቅነትም ጥፋት ነው።

ልኩ ከተገኘ በኋላ ያ የሙከራ ቁራጭ አይጣል። ቀኑ፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ የቢቱና የመሪ ቀለበቱ ልክ ተጽፎበት በግድግዳ ላይ ይሰቀል። በሚቀጥለው ሥራ ቢቱ በዚያ ቁራጭ ጉድጓድ ልክ እንዲወርድ ይደረጋል፤ የግማሽ ቀን ፍለጋም በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ለለማጅም ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ አስተማሪ ይሆናል።

የእንጨቱ ድርሻ

ማሽኑ የቱንም ያህል ቢስተካከል እንጨቱ ካልደረቀ ሥራው በአሸዋ ላይ ነው። በቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ዕቃ የእንጨቱ እርጥበት ከ10 እስከ 12 በመቶ አካባቢ ሊሆን ይገባል። በእርጥቡ የተቆረጠ ጭራ በሥራው ቀን ጥብቅ ሆኖ ይታያል፤ ሲደርቅ ይጠብባል፤ ክፍተቱም ከርክክብ በኋላ ይወጣል። እንጨት በቁመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ በስፋቱ ግን ይቀንሳል። በመሳቢያ ማዕዘን የሁለቱም ሰሌዳዎች ስፋት በአንድ አቅጣጫ ስለሆነ አብረው ቢቀንሱ መጋጠሚያው አይጎዳም። አንዱ ደረቅ፣ ሌላው እርጥብ፣ ወይም ጠባያቸው የተራራቀ ሁለት ዓይነት እንጨት ሲሆን ግን እርስ በርስ ይታገላሉ።

ዋንዛ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ሲቆረጥ ይታዘዛል፤ ከደረቀም በኋላ ቅርጹን ይጠብቃል። ዝግባ ቃጫው ቀጥና ገጹ ለስላሳ ቢሆንም መሰንጠቅ ይወዳልና ከልክ ያለፈ ጥብቅነትን አይታገሥም። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ብዙ ይቀንሳል፤ ይጣመማልም፤ በሚገባ ሳይደርቅ ወደ ጂግ መቅረብ የለበትም። ችፑድ ለዚህ መጋጠሚያ አይሆንም፤ ቃጫ ስለሌለው ስሱ ጭራ ይፈረፈራል። ኮምፔንሳቶም ቢሆን ገጹ ስለሚላጥ ስስ የመጀመሪያ ቁርጥና የተሳለ ቢት ይፈልጋል። ዋንዛና ዝግባን የመሳሰሉ አገር በቀል ዛፎች እየተመናመኑ በሄዱበት ዘመን አንድ ሰሌዳ በከንቱ ማበላሸት የወርክሾፑ ኪሣራ ብቻ አይደለም።

ስለ ሌላው ዓይነት ጂግ

ጭራው በሁለቱም በኩል የሚታይበት ሙሉ የርግብ ጭራ የሚሠራባቸው ጂጎች ሌላ ሥርዓት አላቸው። በ1970ዎቹ በአሜሪካ የወጣው የኬለር ጂግና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በካናዳ የተሠራው የሊ ጂግ፣ ሁለቱም በእንግሊዝኛ ዘመን አቈጣጠር፣ የዚህ ዓይነት ናቸው። በእነዚህ ጭራው በዶቭቴል ቢት፣ ጥርሱ ደግሞ በቀጥተኛ ቢት በየተራ ይቆረጣል። እዚህ ላይ ጥልቀት የሚከተለው የሰሌዳውን ውፍረት ነው፤ ጥብቅነት የሚስተካከለው ግን ጥርሱ በሚቆረጥበት ጊዜ ማበጠሪያውን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ በማንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ጂግ የተማረውን ሕግ በሌላው ላይ ሳይመረምር የሚሠራ ሰው ይሳሳታል። የጭራው ሰሌዳ አስቀድሞ ይቆረጥ፤ ጥርሱ ወፈር ተደርጎ ይጀመርና ጥቂት በጥቂት እየተቀነሰ ከጭራው ጋር ይስማማ። የወፈረ ጥርስ ሊቀነስ ይችላል፤ የቀጠነን ጥርስ የሚያወፍር መሣሪያ ግን የለም።

ማጠቃለያ

ራውተርና ጂግ ሙያን ያጠፋሉ የሚሉ አሉ። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን ሙያው ስፍራ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። በእጅ ሥራ ጊዜ ሙያው በመጋዙና በመሮው ጫፍ ላይ ነበር፤ አሁን ከቁርጡ በፊት ባለው ዝግጅት ውስጥ ነው። የእጅ ሠራተኛ አንድ ጭራ ቢያበላሽ አንድ ጭራ አበላሸ፤ ጂጉን አሳስቶ ያዘጋጀ ግን ሃያ አራቱን መሳቢያ በአንድ ቀን ያበላሻል። ስለዚህ ማሽኑ የጠየቀው የትዕግሥት መጠን ከመሮው ያነሰ አይደለም።

አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ የአናጢዎች የቆየ ምክር ነው። ለማጁ ወርክሾፕ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የተሰቀለውን የሙከራ ቁራጭ ከሆነ ሙያው ልክን መፈለግ እንደሆነ ይማራል፤ መጀመሪያ የሚያየው ኮላና የመጋዝ ዱቄት የተለወሰበትን ጣሳ ከሆነም የሚማረው ያንኑ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው ጂጉን የሸጠው ነጋዴ አይደለም፤ በየወርክሾፑ ያለው ዋና ሠራተኛ ነው።